ክንዱ ከመሰበሩ በፊት

ይህን የተናገርኩት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ካለቀ በኋላ፣ ኮሚናሉ ውስጥ ነው። አንድ ልጅ በስልኩ ቀርጾት ስለነበር ቁጭ ብዬ እያዳመጥኩ ገለበጥኩት። የደጋገምኩትንና ያሳልኩበትን ቆርጫለሁ። የውጭ አገሩን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ።

መብራት ስለሌለ ማይክ የለም። ከኋላ ያላችሁ ወንበራችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ፤ ፕላስቲክ ነው፣ አይከብድም። ቡናው እስኪፈላ ብቻ ነው የምናገረው ብዬ ለእናቶች ቃል ገብቻለሁ። በከሰል ስለሚፈላ ግን ጊዜ አለኝ።

የዕድሩ ሰብሳቢ «ስለ ሰላም አንድ ነገር በለን» ነበር ያሉኝ። እሺ አላልኩም። ሰላም የሚለው ቃል አልቆብኛል። ባነር ላይ አለ፣ ስብሰባ ይከፈትበታል፣ ሬዲዮ ላይ በየሰዓቱ ይባላል። ደግሞ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜ «ሰላም ይሁን» የሚላችሁ ሰው ማለት የፈለገው «ዝም በሉ» ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ጠብ ነው። ጠብ ሲመጣ አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ይማታል። ሦስተኛ መንገድ አለ ወይ? ካለስ ማን ነው የሚችለው?

ከቤታችን ልጀምር። የዛሬ ሁለት ዓመት የውሃውን ጠብ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ውሃ ከሳምንት በላይ ጠፍቶ፣ በመጨረሻ ቦቴ መጣ። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ። ከቀን ጀምሮ ጀሪካን ተሰልፏል፤ ሰው ቤቱ ገብቶ ጀሪካኑ ነው ተራ የሚጠብቀው። ከዚያ አንድ ቢጫ ጀሪካን ከኋላ ተነስቶ ፊት ተገኘ። ማን እንዳስቀደመው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጅብ ነው ያለም ነበር። ስድብ ተጀመረ፣ ስድቡ ግፊያ ሆነ፣ ግፊያው ድንጋይ ሆነ፣ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ክንዱ ተሰበረ። ሁለት ብሎክ ሁለት ሳምንት አልተነጋገረም። ልቅሶ እንኳን ተለያይተን ነው የደረስነው። በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌ ተቀመጠ፣ የሕክምና ወጪ ተከፈለ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን።

ጥሩ እርቅ ነበር። እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ። ቤቴ ስገባ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እኛ ሽማግሌዎቹ ያን ሌሊት የት ነበርን? የሌላውን አላውቅም። እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቴ ላይ ነበርኩ። ቆሜ አያለሁ። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ ጋንዲ ስንት ዓመት ሙሉ አስተምሬያለሁ። ጋንዲን በቃሌ እያወቅኩ፣ ፒጃማ ለብሼ፣ በመጋረጃ ቀዳዳ።

የባሰም አለ። ካልተናዘዝኩት ደግሞ እዚህ መቆም የለብኝም። አንድ ቀን በቃሊቲ በኩል ስመጣ ከታክሲ ረዳት ጋር በአምስት ብር መልስ ተጣላን። «አልሰጠኸኝም» አለ፣ «ሰጥቼሃለሁ» አልኩ፣ ከዚያ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሸሚዙን ኮሌታ ይዤዋለሁ። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር!» አለች። እጄ ወረደ። ያወረደው ግን እውቀቴ አልነበረም፤ ስሜ መጠራቱ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ስለዚህ ነገር ለመናገር መጀመሪያ ስም ያስፈልገዋል፣ ስሙ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። «ሰላማዊ ትግል» እንላለን፣ «አመፅ አልባ» እንላለን። አመፅ አልባ ሲባል የሌለውን ነው የሚነግረኝ። ጨው አልባ ወጥ እንደማለት ነው፤ ምን እንዳለበት አልገባኝም። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጋንዲ ደቡብ አፍሪካ እያለ ሕንዶች በምዝገባ ሕግ ላይ ሲነሱ ፈረንጆቹ የትግሉን ስም የደካማ ሰው ተቃውሞ አስመሰሉት። ጋንዲ ይህ አልተዋጠለትም። ጋዜጣው ላይ የስም ውድድር አወጣ። ከመጡት ስሞች አንዱን ወስዶ ትንሽ አስተካክሎ «ሳትያግራሃ» አለው፤ እውነትን ጨብጦ አለመልቀቅ እንደማለት ነው። መጨበጥ አለበት። እጅ አለው፣ ጉልበት አለው። ሕንዶቹ ጆሃንስበርግ ላይ ለሕጉ አንገዛም ብለው ቃል የገቡበት ቀን ደግሞ መስከረም 11 ቀን 1906 ነው፤ በእኛ ቢቆጠር እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 1899። ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን ደስ ይለኛል።

ይኸው ጋንዲ በፈሪነትና በዱላ መካከል ብቻ ምረጥ ብባል ዱላውን እመክራለሁ ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ አያምኑኝም። እሱ የሚፈልገው የሚሸሸውን ሰው አይደለም። እኔን መስኮት ላይ ቢያየኝ በጣም ያዝንብኝ ነበር።

አንድ ነገር እንለይ፣ በአጭሩ። ፓሲፊስት የሚባለው ሰው ጦርነት በማንኛውም ምክንያት አይገባም የሚል ነው፤ እምነቱ ነው፣ ቢያዋጣም ባያዋጣም ይይዘዋል። ሌላው ደግሞ እንዲህ ያለ እምነት ላይኖረው ይችላል፤ አለመምታት ስለሚያዋጣ ነው የሚጠቀምበት። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ሙሉ ፓሲፊስት ነኝ ብዬ ብዋሻችሁ የታክሲው ረዳት ይታዘበኛል።

አሁን ወደ አገራችን። እኛ ደም መላሽ የሚል ቃል ያለን ሰዎች ነን። ልጅ ሲያድግ ቀረርቶና ሽለላ እየሰማ ነው፤ ሠርግ ላይ እንኳን ዘራፍ ይባላል። ግን በዚያው አገር፣ እናት ነጠላዋን በሁለት ጠበኞች መሃል ስታነጥፍ ጎራዴ የመዘዘ ሰው የሚቆምበት ባህልም አለ። ሁለቱም የእኛው ናቸው።

መስከረም 2011 ከዚህ ከተማ በዚያኛው ጫፍ፣ ቡራዩና አካባቢዋ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ሰው ተገደለ፣ ቤት ተዘረፈ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ልጁን አዝሎ ሸሸ። ከተጎዱት መካከል የጋሞ ልጆች ብዙ ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ደረሰ። ወጣቱ ተቆጥቶ ወጣ። ለበቀል። በዚያ ሰዓት የመጣው ፖሊስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። የጋሞ ሽማግሌዎች መጡ። እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር ይዘው፣ አስፋልት ላይ፣ በልጆቻቸው ፊት ተንበረከኩ። ልጆቹ ቆሙ፣ ተመለሱም።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ፎቶውንም አይታችኋል፤ ስንቶቻችን ሼር አድርገን አልቅሰናል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ስለ ሽማግሌዎቹ አይደለም፣ ስለ ልጆቹ ነው። እነዚያ ልጆች ለምን ቆሙ? የገዛ ወገናቸው ተገድሏል፣ ደማቸው ፈልቷል፣ ቁጥራቸው ከሽማግሌዎቹ በብዙ ይበልጣል። ሣር ነው። ፍየል የሚበላው ሣር። አንድ ሰው ያቆማል?

የሚያቆመው ዕለቱን ስላልተጀመረ ነው። ልጁ ሕፃን ሆኖ አይቶታል። ጎረቤት ሲጣላ፣ አባቱ በድንበር ሲካሰስ፣ ዱቡሻ በሚባለው መሰብሰቢያቸው ላይ ሽማግሌ ሲናገር አይቷል። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር መሆኑን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ እግሩ ያውቀዋል። ያን ቀን መንገድ ላይ የሆነው ነገር ጥቂት ደቂቃ የፈጀ ቢመስልም መሰናዶው የስንት ትውልድ ነው።

አሁን እስቲ ወደዚህ እዩ። ዙሪያችሁን ተያዩ። እኛ በዕጣ የተሰበሰብን ሰዎች ነን። አንዱ ከካዛንቺስ ተነስቶ ነው የመጣው፣ አንዷ ከመርካቶ፣ አንዱ ከወሎ፣ አንዱ ከጉራጌ፣ አንዱ ደግሞ አባቱ ይህ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ እዚሁ ጤፍ ያርስ ነበር። ነጠላው ለአንዱ ነጠላ ነው፣ ለሌላው ልብስ ነው። የአንዱ ሣር ለሌላው ሣር ብቻ ነው። ያን ሌሊት ከሦስተኛ ፎቅ ሣር ይዤ ብወርድ «ሰውዬው በግ አለው እንዴ?» ነበር የምባለው።

(እዚህ ላይ ሳቅ ነበር። ቀረጻው ላይ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የሰብሳቢው ሳቅ ነው።)

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የጋራ ሣር የሌላቸው ሰዎች ምን ያደርጋሉ?

ይለማመዳሉ። የማውቀው መልስ ይኸው ነው። ናሽቪል የምትባል የአሜሪካ ከተማ ልውሰዳችሁ። ጊዜው 1959 ነው። ጥቁር ሰው ሱቅ ገብቶ ዕቃ መግዛት ይችላል፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ያለው የምሳ ባንኮኒ ላይ ግን መቀመጥ አይችልም። ጄምስ ሎውሰን የሚባል የነገረ መለኮት ተማሪ ነበር። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ለውትድርና አልሄድም ብሎ ታስሮ የወጣ፣ ኋላም ሕንድ አገር ኖሮ የጋንዲን መንገድ ያጠና ሰው ነው። ወጣቶችን በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ሰብስቦ ምን ያስተምራቸው እንደነበር ታውቃላችሁ? መሰደብ።

እውነቴን ነው። ወንበር ደርድረው ባንኮኒ ያስመስሉታል። ግማሾቹ ይቀመጣሉ፣ ግማሾቹ ነጭ ጎረምሳ ይሆናሉ። የሚሳደቡት ይሳደባሉ፤ እውነተኛውን ስድብ፣ አጥንት የሚሰብረውን። ፀጉር ይጎትታሉ፣ የሲጋራ ጭስ ፊት ላይ ይለቃሉ፣ ከወንበር ይገፈትራሉ። የተቀመጠው እንዴት ራሱን እንደሚከላከል፣ ጓደኛው ሲመታ እንዴት በመሃል እንደሚገባ፣ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ይለማመዳል። ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። ወራት ፈጀባቸው። ሕግም ጻፉ፤ ቢመቱህ አትምታ፣ አትሳደብ፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ፊትህ ወደ ባንኮኒው ይሁን። ልብሳቸው እንኳን የእሑድ ልብስ ነበር።

በየካቲት 1960 ገቡና ተቀመጡ። የወሩ መጨረሻ ላይ፣ የካቲት 27፣ የተለማመዱት ሁሉ በእውን መጣ። ጎረምሶች ከወንበር ጎትተው ጣሏቸው፣ የተለኮሰ ሲጋራ ገላቸው ላይ አጠፉባቸው። ፖሊስ መጣ፤ ያሰረው ግን የመቱትን አይደለም፣ የተመቱትን ነው። 81 ተማሪ። አሁን ስሙኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ታስረው ሲወጡ ሁለተኛዎቹ ገብተው ያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እነዚያም ሲታሰሩ ሦስተኛዎቹ። ግንቦት 10 ቀን ስድስት ሱቆች ለጥቁር ሰው ምሳ ማቅረብ ጀመሩ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ጆን ሉዊስ ነው፤ ኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆኖ ከሰላሳ ዓመት በላይ ያገለገለው።

ሕፃን ሆነው ሣር አላዩም። ሣራቸውን ምድር ቤት ውስጥ ሠሩት።

ልምምድ ሳይኖርስ? የካቲት 1922 ሕንድ ውስጥ ቻውሪ ቻውራ በምትባል ትንሽ ቦታ ፖሊስ በሰልፈኛ ላይ ተኮሰ፣ ሰልፈኛው ተቆጥቶ ጣቢያውን አቃጠለው፣ 22 ፖሊሶች ሞቱ። ጋንዲ አገር ያንቀጠቀጠውን ትግል አቆመው። ጓደኞቹ አበዱበት። ልናሸንፍ ስንል እንዴት ይቆማል ብለው ተናደዱ። እኔም ተማሪ እያለሁ እነሱን ነበር የምደግፈው፤ አሁን ሳረጅ ወደ እሱ እያዘነበልኩ ነው። ሕዝቡ እንዳልተዘጋጀ ገብቶታል። ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1930 የእንግሊዝን የጨው ግብር ለመቃወም ሲነሳ፣ መንገድ የጀመረው ከገዛ አሽራሙ፣ ከተከታዮቹ ጋር ከሚኖርበት ሰፈር፣ በመረጣቸው 78 ሰዎች ነው፤ ለዓመታት አብረውት የኖሩ፣ በሥርዓት የተገሩ። 60 ዓመቱ ነበር። 24 ቀን፣ ወደ 385 ኪሎ ሜትር፤ ከዚህ ተነስቶ ደሴ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው፣ በእግር። መንገዱ ላይ ሕዝቡ እየተቀላቀለ ብዙ ሺህ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ግን 78።

«የእኛ ሕዝብ ጦረኛ ነው፣ ይህ አይሆንለትም» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ለእሱ ፓሽቱኖችን እነግረዋለሁ። የአፍጋኒስታን ድንበር ላይ ያሉ ሙስሊሞች ናቸው፣ ጠመንጃ የማይለያቸው፣ በበቀል የታወቁ። አብዱል ጋፋር ካን የሚባል ሰው ከእነሱ መሃል ተነስቶ በእስልምና ቃል አስምሎ፣ ቀይ ሸሚዝ አልብሶ፣ ያለ መሣሪያ የሚታገል ሠራዊት አቆመ። አዎ፣ ሠራዊት፤ ሥልጠና ነበረው፣ ማዕረግ ነበረው። ሚያዝያ 23 ቀን 1930 ፔሻዋር ውስጥ እንግሊዝ በባዶ እጁ በወጣ ሕዝብ ላይ ሲተኩስ፣ ተኩሱ የተባለ የራሱ የእንግሊዝ ጦር ክፍል እምቢ አለ። የጋርዋል ወታደሮች ናቸው፣ ሂንዱዎች። መሣሪያ በሌለው ሕዝብ ላይ አንተኩስም አሉ፣ ተፈረደባቸውም።

በእኛም አገር ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። በ1966 ዓ.ም. አስተማሪው አደመ፣ ታክሲው አደመ፣ ሙስሊሙ ለእኩልነት ሲወጣ ክርስቲያኑም አብሮ ወጣ። መፈክሩ «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም» ነበር። እዚህ ያሉ አባቶች አብረው ዘፍነዋል፣ አይካዱ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ፤ እውነትም ደም አልፈሰሰም። ኅዳር 14 ሌሊት ግን 60 ያህል ሰው ያለ ፍርድ ተረሸነ። ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው በመሃሉ ያለው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ልንገራችሁ አልችልም፤ እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ። መፈክሩ ያማረ ነበር፣ ከኋላው ግን የተዘጋጀ ሰው አልነበረም። የተዘጋጀው ጠመንጃ የያዘው ብቻ ነው።

ሁለተኛው በ2004 የተነሳው የሙስሊሞቹ «ድምፃችን ይሰማ» ነው። አወሊያ ትምህርት ቤት ተጀምሮ በየጁምዓው አንዋር መስጊድ ቀጠለ። ምን እንደሚባል፣ መቼ ዝም እንደሚባል፣ ሰው እንዴት ተበትኖ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይነገራል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ቃል ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዝምታ ይሰማል። መሪዎቹ ታሰሩ፣ በ2007 ሐምሌ እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ኋላ ተለቀቁ። ቀላል ዋጋ አልከፈሉም። ለልምምድ ምሳሌ የሚሆን ግን ሩቅ መሄድ የለብንም ለማለት ነው። አንዳንዶቹ እዚሁ ተቀምጠዋል መሰለኝ፣ ፈገግ ያለ ሰው አያለሁ።

ቁጥር ለሚወድ አንድ ቁጥር። ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፋን የሚባሉ ሁለት አጥኚዎች ከ1900 እስከ 2006 የነበሩ 323 ትልልቅ ንቅናቄዎችን ቆጠሩ፤ መንግሥት ለመለወጥ ወይም ከባዕድ ነፃ ለመውጣት የተነሱትን። መሣሪያ ካነሱት የተሳካላቸው 26 ከመቶ ሲሆኑ ካላነሱት 53 ከመቶ ናቸው። እጥፍ ነው። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። ጠመንጃ ሲሆን የሚወጣው ጎረምሳው ነው፤ ዱላ ከሌለ ግን እማማም ይወጣሉ፣ ነፍሰ ጡሯም፣ አካል ጉዳተኛውም። ብዙ ሰው ሲወጣ ደግሞ ወታደሩ ከመሃል አክስቱን ያያል። ግን አልዋሽም፤ 53 ከመቶ ተሳካ ማለት ወደ ግማሽ የሚሆነው አልተሳካም ማለት ነው። ይህ ክትባት አይደለም።

ይኸውና ቡናው ሸተተ። ጥያቄ ካለ አሁን።

(አንድ ወጣት ተነሳ፤ «ጋሼ፣ አድዋስ? ጣልያን ላይ ሣር ይዘን ልንንበረከክለት ነበር?»)

ይመጣል ብዬ ስጠብቅህ ነበር። አድዋ ላይ የተዋጉትን አባቶች የምወቅስ መስሎህ ከሆነ አልወቅስም። ግን አድዋን ሙሉውን እንውሰደው። የውጫሌ ውል በ1881 ተፈረመ፤ ጦርነቱ በ1888። በመሃሉ ሰባት ዓመት ደብዳቤ ነው፣ ክርክር ነው፣ ውሉን መሰረዝ ነው። መቀሌ ላይ ጣልያን ምሽግ ውስጥ ተከቦ፣ ውሃ ተቋርጦበት፣ እጁ ላይ ነበር፤ ሊጨርሱት ሲችሉ መሣሪያውን እንደያዘ እንዲወጣ ፈቀዱለት። ለምን ይመስልሃል? ሳይዋጉ የሚያልቅበት በር እስከ መጨረሻ ክፍት እንዲሆን ነው ብዬ አስባለሁ። ፎካሪ ሰው አድዋን ሲተርክ ይህን ይዘለዋል።

(ልጁ አልተቀመጠም። «እሺ ሂትለርስ?»)

ሂትለርን በሣር የማቆም ዘዴ የለኝም። ሐቁን ልንገርህ፤ ጋንዲ ለአይሁዶች በጊዜው የሰጠው ምክር፣ ናዚን ሳትመቱ ተቋቋሙት ያለው፣ እኔን አሳፍሮኛል። አንተን የማይፈልግህ፣ ጉልበትህንም ትብብርህንም የማይፈልግ፣ መጥፋትህን ብቻ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ እንቢታህ የሚይዘው ነገር ያጣል። ግን የተያዘ አገር ሊገዛ ሲፈልግ አስተማሪ ያስፈልገዋል። ኖርዌይ በ1942፣ ለናዚ ያደረው የክዊዝሊንግ መንግሥት መምህራንን በግድ አንድ ማኅበር ውስጥ ሊያስገባ፣ ልጆቹን በናዚ ትምህርት ሊቀርጽ ሞከረ። አብዛኛው መምህር አልገባም ብሎ በየግሉ ደብዳቤ ጻፈ። ከ1,000 በላይ ታሰሩ፣ ብዙዎቹ ሰሜን ጫፍ ብርድ ውስጥ ጉልበት ሥራ ላይ ተላኩ። አልፈረሙም። ዕቅዱ ቀረ፣ መምህራኑም ተመለሱ። ናዚን አላሸነፉም፤ ክፍላቸውን ግን አላስረከቡም። እኔ መምህር ስለሆንኩ ይሆናል ይህ ከብዙ ጀብዱ የሚበልጥብኝ።

(ከዚያ ከጥግ አንዲት እናት፣ ሳይነሱ፤ «ልጄ፣ ወንድሜ ባድመ ነው የቀረው። ሞኝ ነበር ልትለኝ ነው?»)

ቀረጻው ላይ እዚህ ረጅም ዝምታ አለ። ከሰሉ ሲንጣጣ ይሰማል። እንዳልኩት እጽፈዋለሁ።

አይደለም እማማ። ሞኝ አልነበረም። ተጠርቶ ሄደ፣ እኔ አልሄድኩም። እሱን ለመውቀስ አፍ የለኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ከመሄዱ በፊት ያሉት ወራት ናቸው፤ ነገሩ ገና ትንሽ ሳለ ማን የት ነበር የሚለው ነው። ከዚያ ሁሉ ልጅ በኋላ ስምምነቱ የተፈረመው አልጀርስ ላይ፣ ታኅሣሥ 1993፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው ግንቦት 1990ም ነበረ። ሌላ የምልዎ የለኝም።

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ይሁን እምቢ አላወቅኩም።

ወደ ውሃው ልመለስና ልቀመጥ። ያሰብኩት ነገር ትንሽ ነው። ከሁለቱ ብሎክ ሦስት ሦስት ሰው እንምረጥ፤ ሽማግሌ ብቻ አይሁን፣ ሴት ይኑርበት፣ ወጣት ይኑርበት። ጠብ ሲሰማ ፒጃማም ለብሶ ቢሆን ይወርዳል። ዳኛ አይደለም፣ ማን ጀመረ ብሎ አይጠይቅም፤ እሱ ለእርቁ ቀን ነው። መሃል ይቆማል፣ እጁን ዝቅ አድርጎ፣ ስም እየጠራ ያናግራል። ታክሲው ውስጥ እጄን ያወረደው ስሜ ነበር ብያችኋለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የሁሉንም ስም ማወቅ አለባቸው፤ ስንቶቻችን ነን ፊት ለፊት በር ያለውን ሰው ስም የምናውቀው? ሁለተኛ፣ መሰደብን ይለማመዳሉ። አሁን እንሞክረው። ሁለት ጀሪካን አምጡ።

ጀሪካን መጣ። መሃል አስቀመጥነው። ያ የአድዋው ልጅ ተሳዳቢ እንዲሆን ተመረጠ፤ አፉ እንደማይሰንፍ ሁሉም አይቷል። ማን ይሰደባል ስል ማንም አልተነሳም። በመጨረሻ ከጥግ የባድመዋ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ጀሪካኑ አጠገብ ቆሙ።

ልጁ ፊታቸው ቆመ። አፉን ከፈተ። ዘጋው። መሬት አየ። «ተራዎን… ተራዎን ይጠብቁ እንጂ እማማ» አለ፣ ለራሱ እንኳን በማይሰማ ድምፅ።

«ይኼ ነው ስድብ?» አሉት። «በል ስደበኝ እንጂ አንተ ልጅ፣ ቡናው እየቀዘቀዘ ነው።»